እንግዳው ቂጣ ሲቆርስ

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ፌንግ ግን መዳፉን ከላዩ አላነሳም።

«መጀመሪያ እንብላ» አለ።

የቻይናዋ ከተማ የሺአን አሮጌ ሰፈር እየፈረሰ ነው። ከሾርባ ቤቱ ማዶ ዶዘሩ ግድግዳ ይንዳል። ፌንግ ያፈነው መሐንዲስ ከነዚያ ባዶ ቤቶች በአንዱ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ የዚያ ቤት ነው። ሰውየው ዛሬ ካልተሸጠ ይገደላል። «ድርጭት» የሚባለው የመንግሥት ሰላይ ገዢ መስሎ መጥቷል። ልያንግ ነኝ፣ ከደቡብ የመጣሁ ሩዝ በል ነጋዴ ብሎ።

የተወለደው ግን እዚሁ ነው፤ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ። ለሥራው ሲል ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

ቂጣና ባዶ ሳህን ቀረበላቸው። እዚህ ቂጣውን የሚቆርሰው በላተኛው ነው፤ የበግ ሾርባው ኋላ ይፈስበታል። ድርጭት ዓይኑን ቁልፉ ላይ ተክሎ ቆረሰ።

ፌንግ የሚያየው እጁን ነው።

ፍርፋሪው ከሽምብራ አይበልጥም። እንዲህ አድቅቆ የሚቆርሰው የሰፈሩ ሰው እንጂ እንግዳ አይደለም። አይ እጅ! አፉ የደበቀውን ለፈለፈው።

«ከሰላዮቹ መሥሪያ ቤት ሹክ ያለኝ ሰው አለ» አለ ፌንግ ቀስ ብሎ። «የዚህ ከተማ ልጅ ልከውብሃል ብሎኛል።»

ከጠረጴዛው ሥር ሽጉጥ ቀጭ አለ።

«ጎበዝ!» የሾርባ ቤቱ ባለቤት እትዬ ማ ሳህኑን ከድርጭት እጅ መነጨቁት። «ጠዋት ያን ሁሉ ቂጣ አበላሽተህ ገና አሁን ገባህ?» ወደ ፌንግ ዞሩ። «ይኼ ጓደኛህ ግግም ነው! እንደ ጡብ ሲገምሰው እጁን መትቼ ነው ያስተማርኩት።»

ድርጭት ጠዋት እዚህ አልነበረም።

ፌንግ ሳቀ። «ሰፈሩ ውስጥ የቀረ ሰው አለ እንዴ፣ እትዬ?»

«ማን ይቀራል ልጄ? የሹዋንጁ እናት ብቻ እምቢ ብላ ነበር። ‹ልጄ ሲመጣ በሩን ያጣዋል› እንዳለች ክረምቱ ላይ አረፈች። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሉ ሳህኑን እንጂ ማንንም አላዩም።

ሹዋንጁ። ለድርጭት እናቱ ያወጣችለት ስም። እሪ ማለት አማረው።

«ወሬው ይቅርና ሾርባው ይምጣ» አለ እየሳቀ።

ፌንግ መዳፉን አነሳ።

ከቀትር በኋላ መሐንዲሱ በሕይወት ወጣ። ፌንግ እጁ ላይ ካቴና ሲገባ ማን ሹክ እንዳለው ተናገረ፤ ከድርጭት ጋር አብሮ የሠለጠነ፣ ወንድሜ የሚለው ሰው ነበር።

ድርጭት ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄድ በሰፈሩ በኩል አለፈ። ዶዘሩ የእናቱ ቤት በር ላይ ደርሷል። ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው መሐል ቆመ። እትዬ ማ አጠገቡ መጥተው ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እሱ አላዞሩም።

«በላህ?» አሉት።

«በላሁ፣ እትዬ» አለ፤ በሰፈሩ አነጋገር፣ በገዛ ድምፁ።

በሩ ወደቀ። አቧራው ሲበተን ድርጭት ከእትዬ ማ አጠገብ አልነበረም።