የናታን ብርዝ

አስከሬኑን አይታ የወጣችው ኢንስፔክተር ትርሲት የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ የሟቹን ሚስት ሚልካን በካቴና አገኘቻት። አራስ ናት። ከተፈረደባት ጨቅላዋ አባትም እናትም ሊያጣ ነው፤ እግዚኦ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጅባራው ኮሌጅ መምህር ዶክተር ዘመኑ ዳንግላ ላይ ቤት ሲያስመርቅ እንግዳው ሁሉ ጠላውን ጨለጠ። ባልደረባው ናታን ግን ፕሮቴስታንት ነዋ፣ ጠላ በአፉ አይዞርም! የጠጣው ሚስቱ ከአራስ ቤት የላከችለትን ብርዝ ብቻ ነው። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ አጣድፎ ገደለው። በተረፈው ብርዝ ውስጥም ኮልቺሲን የሚባል የላብራቶሪ መርዝ ተገኘ።

ብርዙን ሚልካ በጠበጠች፣ የላብራቶሪው ሠራተኛ እንየው በሚኒባስ ወሰደ፣ ዘመኑ ቀዳ። ሌላ የነካው የለም።

ትርሲት መጀመሪያ እንየውን ያዘች።

«መንገድ ላይ ብርዙን ምን አደረግኸው?»

«ኧረ ምንም!»

«ይቺ አራስ ዕድሜዋን እስር ቤት ልትጨርስ ነው፣ እንየው።»

አንገቱን ደፋ። «ዳንግላ ልንደርስ ስንል ጠምቶኝ ተጎነጨሁለት። የሰው አደራ ቀመሰ እንዳልባል አፍሬ ነው የደበቅሁት። ቁርጠት እንኳ አልነካኝም።»

ቀጥላ ዘመኑ ዘንድ ሄደች። ስለ ምርምሩ ስትጠይቀው ፊቱ በራ።

«ህዋስ ሲከፈል የማይፈልገውን ፕሮቲን ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክት ያለው ይፈርሳል፤ ለከሰል የሚቆረጠው የዲከረንስ ዛፍ አስቀድሞ ቀለም እንደሚቀባው ማለት ነው። ክሮሞዞሞቹ እንዳይለያዩ የሚጠብቀው ፕሮቲን ሲፈርስ ለሁለት ይለያያሉ። የእኔ መድኃኒት ያን መፍረስ ያግዳል።»

«ታዲያ ምን ይሆናሉ?»

«መሃል ላይ እንደተሰለፉ ይቀራሉ።»

«በኮልቺሲንስ?»

«እሱማ የሚያሰልፋቸውን ገመድ ስለሚያፈርስ ይበታተናሉ። እኔ ግን ነክቼው አላውቅም። ያለው ናታን ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ሚስቱ ጋ።»

ትርሲት የእሱን የሽንኩርት ሥር ስላይዶች በማይክሮስኮፕ አየች። አመስግናም ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እንየው ተጎንጭቶ ደህና ነው፤ ስለዚህ ብርዙ ዳንግላ ሲደርስ ንጹሕ ነበር። ሚልካም እንየውም ነጻ ናቸው። ናታን ቁምሳጥን ውስጥ ያለው የኮልቺሲን ጠርሙስ ደግሞ ማሸጊያው አልተነካም፤ መርዙ የመጣው ከሌላ ነው። ዶክተር፣ መድኃኒቴ ሠራ ባሉባቸው ስላይዶች ላይ ክሮሞዞሞቹ መሰለፍ ነበረባቸው። ሁሉም ተበታትነዋል። መድኃኒቱ አልሠራ ሲልዎት በኮልቺሲን ተኩት፤ ናታን ሲደርስብዎት ብርዙን ሲቀዱ ጨመሩበት።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ዘመኑ የናታንና የሚልካ የሠርግ ሚዜ ነበር።

«አውቆ ነበር?» አለች ሚልካ። «ለዚህ ነዋ ‹ጓደኛዬን አላዋርድም፣ ራሱ ይናገር› እያለ እንቅልፍ ያጣው! አንተን ብሎ ነው የሞተው!»

«አንቺ እንድትታሰሪ አስቤ አይደለም...»

«ዝም በል! ትናንት እስር ቤት ድረስ መጥተህ ልጄን አቅፈህ ‹አባት እሆነዋለሁ› ስትለኝ፣ እኔ እጅህን ስሜሃለሁ!»

ትርሲት ካቴናውን ፈታችላት። ሚልካ በነጻ እጇ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃ ዘግና አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች።