አባባ በጎን ሲያዩ

ሠርክ ከጓደኛዋ ከአኪኒ ጀርባ ልትደበቅ ሞከረች፤ አኪኒ ግን ቀጭን ናት፣ ማንንም አትከልልም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? አያቷ አባባ ታመነ ከማታቱው፣ ከሚኒባስ ታክሲው፣ ወርደው ዌስትላንድስ ስቴጅ፣ ፌርማታው መሃል ቆመዋል።

ዛሬ ፓርክላንድስ ወዳለው የዓይን ሐኪም ልታደርሳቸው የነበረችው እሷ ነች። «አባባ፣ የቱሽን ትምህርት አለብኝ» ብላ ዋሽታ ከጓደኞቿ ጋር እዚሁ ስቴጁ አጠገብ ወዳለው ሞል መጣች። እሳቸውም «ትምህርትሽ ይቅደም፤ እኔ እየጠየቅሁ እሄዳለሁ» ብለው ብቻቸውን ወጡ። ይኸው ያለ ቦታቸው ወርደዋል።

እርጅና ያመጣው ሕመም የዓይናቸውን መሃል መሃሉን ወስዶባቸዋል። የሰው ፊት ቀጥ ብለው ሲያዩት ጭጋግ ነው፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲያናግሩ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ያጣምማሉ። ሠርክ ጓደኞቿ ይህን እንዳያዩባት ነበር የምትፈራው።

«ያን ምዜ፣ ሽማግሌውን እዩት፤ ከመብራት ምሰሶው ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?» አለች አኪኒ። ሁሉም ሳቁ። ሠርክም ሳቀች።

አባባ የሳቁን ድምፅ ተከትለው መጡና እሷው ፊት ቆሙ፤ አንገታቸውን ሳያጣምሙ ቀጥ ብለው ስላዩዋት አላወቋትም። «ሳማሃኒ፣ ፓርክላንድስ… ዋፒ?» ሲሉ በተሰባበረ ስዋሂሊ ፓርክላንድስ የት እንደሆነ ጠየቁ።

በአማርኛ ብትመልስ ያውቋታል። ድምጿን አቅጥና «ፓንዳ ኢሌ ያ ኪጃኒ» አለች፤ አረንጓዴው ማታቱ ላይ ይሳፈሩ ማለቷ ነው።

«ሙንጉ አኩባሪኪ» ብለው መረቋት። ከዚያ ስዋሂሊው አለቀባቸውና ለራሳቸው ያህል በአማርኛ «እኔም እንዳንቺ ያለች ልጅ አለችኝ። ትምህርት ባይኖርባት ዛሬም አትለየኝም ነበር» አሉ።

ሠርክ ፊቷ ተቃጠለ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ማንነቷን ሳያውቁ በእሷው ተመኩ።

«ምን አለ?» አለች አኪኒ። «ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላው…» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። አባባ የማታቱን በር በእጃቸው እየዳበሱ ነው፤ የቸኮለው ረዳት የመኪናውን ጎን ይደበድባል።

ሠርክ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ፊት ለፊታቸው አልቆመችም፤ እንዲያዩዋት በጎናቸው ተጠጋች።

«አባባ» አለች፣ አኪኒ እስክትሰማ ጮክ ብላ፣ «ቅድም በስዋሂሊ የመለስኩልዎት እኔ ነኝ።»