ሃያኛው ሳላ

ዘመኑ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ እኔ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ፣ ስለ ጂንና ስለ ጋኔን ሰው ማውራት ሲጀምር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዛሬም ያው ነኝ። ሳቢያን ሰፈሬ ውስጥ ይህን የሰሙ «ለቦታው ብሎ ዋሸ» ይሉኛል፣ ይበሉ። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፣ ፊደልም የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ አጣፍጬ ልዋሽ ብልም አልችልበትም።

ሥራዬ የዱር አራዊት ጥበቃ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ጀልዴሳ ወርዳችሁ፣ እሱንም አልፋችሁ ብትሄዱ፣ ድንጋይና ግራር ብቻ የሆነ በረሃ አለ፣ እዚያ ውስጥ አንዲት ምንጭ አለች፣ በጋው ሲበረታ ያገሩ ሳላ ሁሉ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ሳላ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአህያ ከፍ የሚል፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ አውሬ ነው።

ያን ዓመት አለቃችን ጓድ ታደሰ ጠራንና፣ «ከበላይ የመጣ ነው፣ ሳላው ሃያ ከሞላ ቦታው ይከበራል፣ ከሃያ ካነሰ ለከሰል አክሳዮች ይለቀቃል፣ ሄዳችሁ ቁጠሩ» አለን። ያን ግራር ስድስት ዓመት ከመጥረቢያ የጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜም ጭንቅላቴን ተፈንክቼበታለሁ፣ እንዴት እንዳንገበገበኝ እናንተው ገምቱ።

የሄድነው ሁለት ነን፣ እኔና ዑመር። ዑመር የዚያው በረሃ ልጅ ነው፣ ሱማሌ፣ ኮቴ ብቻ አይቶ እንስቲቱ ማርገዟን የሚነግርህ ሰው። ያኔ ሁለታችንም መጻፍ አናውቅም፣ አቆጣጠራችን በጠጠር ነው፣ እሱ ከምንጩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ እናደፍጣለን፣ አንድ ሳላ ውሃው ጋ በደረሰ ቁጥር እያንዳንዳችን አንድ ጠጠር በየከረጢታችን እንጥላለን፣ ለወንዱ ጥቁር፣ ለሴቷ ነጭ፣ በኋላ ሁለቱን ከረጢት ዘርግፈን እናመሳክራለን።

ሁለት ቀን ቆጠርን፣ ሁለቱንም ቀን አሥራ ዘጠኝ፣ ስምንት ወንድ፣ አሥራ አንድ ሴት። አንድ ጎደለን። «አቦ፣ አንዷ እስክትወልድ ጓድ ታደሰ ይታገሰና!» ብሎ ዑመር ቀለደ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ነው። ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ፣ አመሻሽ ቢሆንም ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ገና ከፍ ብላ ነበር፣ ጠጥተህ ነበር እንዳትሉኝ፣ ከውሃ በቀር የያዝነው የለም። ሳሎቹ ኮረቱን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ መጡ፣ አሥራ ዘጠኝ ጠጠር ጣልኩ፣ ጨረስኩ። ከዚያ ወፎቹ ዝም አሉ፣ ፊቴን ሲበላኝ የዋለው ዝንብ እንኳ ተነሥቶ ሄደ፣ እመኑኝ፣ ሳሎቹም መጠጣቱን ትተው ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን አዞሩ።

ሃያኛው መጣ። ሲራመድ አየዋለሁ፣ ኮረቱ ግን ድምፅ የለውም፣ አፉን ውሃው ላይ ሲደፋ አየዋለሁ፣ ውሃው ግን አይንቀሳቀስም። ለማንም ቦታ የማይለቅ አንድ ኮርማ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሌሎቹን በቀንዱ ሲያባርር ያየሁት፣ እሱ ራሱ ወደ ኋላ አፈገፈገለት። ወንድ ይሁን ሴት ልለይ ብዬ አፈጠጥኩ፣ አልለይ አለኝ፣ ዓይኔ ገና ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ጥቁር ልጣል ወይስ ነጭ ስል፣ በመጨረሻ ከመሬት አንዲት ግራጫ ጠጠር አንሥቼ ጣልኩ።

ሳሎቹ ሲሄዱ ከረጢታችንን ዘረገፍን። የእኔ ሃያ፣ የዑመር አሥራ ዘጠኝ።

«ዋሪያ ሙላት፣ አንዱን ደግመህ ቆጥረሃል» አለኝ።

«አልደገምኩም። መጨረሻ የመጣውን፣ ኮርማው ቦታ የለቀቀለትን አላየህም?»

ፊቱ ተለወጠ። «ኮርማው ሲያፈገፍግ አይቻለሁ» አለ። «ሳሎቹ ለሁለት ተከፍለው መሃሉን ክፍት ትተው ቆሙ፣ ምን ፈርተው ነው ብዬ ነበር። ወላሂ፣ መሃል ላይ ምንም አልነበረም።»

ሄደን ጭቃውን አየን። ግራና ቀኙ በኮቴ ታርሷል፣ የእኔ ሳላ የቆመበት መሃሉ ግን አዲስ እንደተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ነው።

«ጠጠሯን ከረጢትህ ውስጥ አትመልሳት፣ ወርውራት» አለኝ ዑመር። «የጂን ከብት አይቆጠርም፣ ከቆጠርከው ያንተ ይሆናል፣ ይከተልሃል።»

«ይከተለኝ! ቦታው ከሰል ከሆነ እሱስ የት ሊጠጣ ነው?»

«አቦ፣ አንተ ሰውዬ ከጂንም ጋር ትከራከራለህ!»

ወደ ድንኳናችን ስንመለስ ከኋላችን አንድ ኮቴ ኮረት ረገጠ። ቆምን፣ ቆመ። ሄድን፣ ሄደ። ዑመር አልዞርም ብሎ ቁርአኑን ያነበንባል፣ እኔ ዞርኩ፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ ደሜ ፈላ፣ «ቆጥሬሃለሁ! የምትለው ካለህ ና በል!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ሜዳው እያየሁ ሳለ ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ መጣ፣ እርጥብ ትንፋሽ፣ አሁን ከውሃ ቀና ያለ ከብት የሚተነፍሰው ዓይነት። ዑመር እንዳይመስላችሁ፣ እሱ ሃያ እርምጃ ቀድሞኝ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ድሬዳዋ ገባን፣ በቀጥታ ወደ ቢሮ። ጓድ ታደሰ ቅጹን ዘረጋ። ዑመር «እኔ ያየሁት አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ሙላት ግን ዋሽቶ አያውቅም» አለና በጎን በኩል በሩ ጋ ቆመ።

«ወንድ?» አለኝ አለቃዬ።

«ስምንት።»

«ሴት?»

«አሥራ አንድ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሰውዬ፣ ይሄ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሃያኛውን የት ላግባው?»

«አላውቅም። ያየሁትን ግን አላጎድልም፣ ድምሩ ላይ ሃያ በል።»

«ሐሰት ከሆነ እንደምትታሰር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በጣትህ ፈርምበት» አለና ሃያ ብሎ ጻፈ፣ የጣት ቀለሙንም ወደ እኔ ገፋልኝ። ቀና ስል ዑመር እኔን አያይም፣ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ወለል ያያል፣ ከንፈሩ እንደገና ማነብነብ ጀምሯል። አልዞርኩም። አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ ከቁጥሩ ሥር አሳረፍኩ፣ ወረቀቱ እስኪሰረጉድ ድረስ ተጫንኩት።