በድንኳኑ በር ያጎረስኩት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጋኔን፣ ጭራቅ፣ ምናምን ስትሉኝ መልሴ "ሥራ ፈቶች!" ነው፣ ኮተቤ ሱቅ ከፍታ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ የምትውል ሴት ምን ያስፈራታል? ግን ይሄንን ስሙኝና እናንተው ፍረዱኝ።

ታናሽ ወንድሜ አቤል ታይፎይድ ጥሎት ከርሞ ገና መነሳቱ ነበር። በሽታው ለቀቀው፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልተመለሰም፣ አጥሚት በሉት ሾርባ፣ ቀመስ አድርጎ ይገፋዋል፣ ልጁ ዓይናችን እያየ አለቀ፣ ሐኪሙም "ካልበላ ተመልሶ ይተኛል" ብሎናል። እሱ ራሱ "አየር ልቀይር፣ እንጦጦ ድንኳን ተክለን እንደር" ሲል እማዬ እየፈራች ፈቀደች፣ እኔን ግን ለብቻዬ ይዛ "እህል ሳይቀምስ እንዳትመልሺው፣ አደራ" አለችኝ።

አብራኝ ኳየር የምትዘምረውን ሰላምን ጨምረን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ተያያዝነው፣ ድንኳኑን ማን ተሸከመው? እኔው! ሰው ከሚዝናናበት አልፈን ጫካው ውስጥ ዘለቅን። ድንኳኑን እንደተከልን አቤል "በሽተኛ አታድርጉኝ" ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ቁልቁል ወደ ምንጩ ወረደ፣ ወዲያው ጉሙ መጣ፣ ጉም ስላችሁ፣ የዘረጋችሁት እጅ የማይታይበት። እኔና ሰላም ገብተን ዚፑን ዘጋንና እሱ እስኪመጣ ትንሽ እንቅመስ ብለን ቋንጣ ፍርፍሩን ከፈትን።

ኮቴ ሰማን። የባህር ዛፍ ቅጠሉ ከሽ ከሽ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ከሽ ከሽ፣ ድንኳኑን ይዞራል።

"መንገደኛ ይሆን?" አለች ሰላም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ "እንብላ!" አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ፣ እህል ፊታችሁ አድርጋችሁ ሰው ሲያልፍ ዝም ትላላችሁ? "ብሉ፣ ይባረክ" ብሎ ማለፍ ነበር ወጉ። ኮቴው ግን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

አቤል ሊያስደነግጠን ነው ብዬ ሳቅኩ፣ ደስም አለኝ፣ መቀለድ ከጀመረ ተሽሎታል ማለት ነው። ዚፑን ትንሽ ከፈት አድርጌ ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቀለልኩና እጄን ወደ ጉሙ አወጣሁ።

"በሞቴ!" አልኩት።

ጎረሰ። እመኑኝ፣ ከንፈሩ ጣቶቼን ነካቸው፣ ከፍሪጅ እንደወጣ ሥጋ ቀዝቃዛ ነው። ሲያኝክ ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ።

ያኔ አቤል ከታች፣ ከሩቅ ተጣራ። "ቤቲ! የት ናችሁ? መንገዱ ጠፋብኝ እኮ!"

ሰላም "በኢየሱስ ስም!" ብላ ዚፑን ዘጋችው። እኔ እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ፣ እጠርጋለሁ። ማኘኩ ቆመ፣ ኮቴው ዞረና ወደ አቤል ድምፅ ወረደ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ "አቤል! ባለህበት ቁም!" እያልኩ ጉሙ ውስጥ ሮጥኩ። ጀሪካኑን እንደያዘ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት።

"ምን ሆነሻል? ማንም የለም እኮ" አለኝ።

ስለ ጉርሻው ትንፍሽ አላልኩም፣ ገና ከአልጋ የተነሳን ልጅ ምን ብዬ ላስፈራራ? ሰላምንም እንዳትናገር ቃል አስገባኋት፣ ድንኳኑን እንደነገሩ ጠቅልለን ሳይመሽ ወረድን።

ቤት ስንገባ አቤል "ራበኝ" አለ። እማዬ እልል አለች! ከዚያን ቀን ወዲህ የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ፊቱ ሞላ፣ እማዬ ቤተክርስቲያን ቆማ ምስክርነት ሰጠች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ እንዲህ እስኪል ድረስ፦

"ፍላጎቴን የከፈተው እኮ የቤቲ ጉርሻ ነው፣ ያኔ በድንኳኑ በር ያጎረሰችኝ።"

እኔ አልነገርኩትም። ሰላምም፣ በኋላ ደውዬ ስጮህባት፣ አልተናገርኩም ብላ አለቀሰች።

እማዬ ምን ታውቃለች፣ ሳቀችና "በይ እንግዲህ፣ ዛሬም አጉርሺው!" አለችኝ። ጠቀለልኩ። አቤል አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ አዝዬ ያሳደግኩት አቤል፣ የኔው። እጄ አልሄድ አለኝ። "ለወንድምሽ? ምነው ልጄ?" አለች እማዬ። ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

እማዬ እስካሁን አኩርፋኛለች፣ ልጄን ጉርሻ ነፈገችው እያለች። ምን ልበላት? ከንፈሩ ቢቀዘቅዝስ?