በግድግዳው በኩል የተኛችው

ሙሽራዋ የተገኘችው አልጋዋ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። ካገባች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቢሆናትም የሰፈሩ ሰው አሁንም «ሙሽራዋ» ነበር የሚላት። ባሏ በተጋቡ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደሚኖርበት አገር ስለተመለሰ ትዳሩ ከሠርግ አላለፈም ነበር። ታላቅ እህቷ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስትገባ እንቅልፍ የጣላት መስሏት፣ «ተነሺ እንጂ! ባልሽ ዛሬ መጥቶ ደግሞ እንቅልፍ?» ብላ ቀልዳባታለች። ይቺ ቀልድ ኋላ እንቅልፍ ነሳቻት።

ሐኪሙ መጀመሪያ «ልቧ ይሆናል» አለ። ሻሿን ፈትቶ ጭንቅላቷን ሲዳስስ ግን እጁ ባለበት ቀረ። የራስ ቅሏ ከማጅራቷ በላይ ተሰንጥቋል።

የተላከችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል ተኝታ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው አልጋ ላይ ነው።

ለሠርጉ የተገዛ ሰፊ አልጋ ነው። ፍራሹ በበሩ በኩል ጎድጉዷል፤ በግድግዳው በኩል ግን ከሱቅ እንደመጣ ነው። የፀጉር ማስያዣው፣ የእጅ ቅባቱና ግማሹ የተጠጣ ውሃ ሁሉ በበሩ በኩል ባለችው ኮመዲኖ ላይ ተደርድረዋል። ሬሳው ግን በግድግዳው በኩል ነው። ወንፊት ብርድ ልብሱን ከእግሩ በኩል ገለጠችው። ሟቿ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋለች፤ የካልሲው ተረከዝ ወደ ላይ ዞሮ ከእግሯ በላይ ተነፍቷል።

«በዚህ ሙቀት?» አለች ለራሷ።

ስልኳ ጠፍቶ ነበር። አንድ ፖሊስ ትራሱን፣ ፍራሹን፣ መሳቢያውን ሲያገላብጥ ቆይቶ በመጨረሻ አልጋው ሥር ከነበረው የግራ ጫማ ውስጥ አወጣው።

ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ከፍ ያለ የሲሚንቶ ደፍ ነው። ደፉና ከእሱ እስከ ውጭው በር ያለው ወለል ታጥቧል፤ የቀረው ወለል የሦስት ቀን አቧራ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ አለ። አንዱ ጥግ ውሃ ነክቶት ደርቆ ተጨማዷል።

በማግስቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው እህትየዋን ነበር። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከጎህ በፊት የምትገባ የጠዋት ተረኛ ናት። ጥፍሯ ሥር ሊጥ ደርቋል።

«ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ ስገባ እዚያው ነበር።»

«እህትሽ በየት በኩል ነበር የምትተኛው?»

«በበሩ በኩል። ግድግዳ አትወድም፤ ‹መቃብር መቃብር ይለኛል› ትል ነበር።» ጥፍሯ ሥር ያለውን ሊጥ ፋቀች። «ትናንት ግን ወደዚያው ዞራ…»

«ካልሲስ?»

«እሷ? በብርድ እንኳን እግሯን አውጥታ ነው የምትተኛ። ካልሲው የኔ ነው። ሳሎን ገመዱ ላይ አስጥቼው ነበር።»

«አንቺ ሌሊት ስልክሽን የት ታስቀምጫለሽ?»

«ግራ ጫማዬ ውስጥ። እዚያ ካልሆነ ተጣድፌ ስወጣ እረሳዋለሁ። ምነው፣ እትዬ?»

«አልጋሽስ?»

«ሳሎን ያለችው ትንሿ። ግድግዳ ሥር…» ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እኔን አስመስሎ ነው እንዴ ያስተኛት? እኔን?»

ነገሩ ለወንፊትም ደስ የሚል አልነበረም። አንዷን ገድሎ ሌላዋን መቅበር ይመስላል።

«ከሥራ በሰባት ሰዓት ወጥተሽ እስከ አሥራ ሁለት የት ነበርሽ?»

«ዝም ብዬ ስዞር። ባልና ሚስቱ ይጨዋወቱ ብዬ ነው።» ይህን ስትል ወለሉን አየች።

ከጎን ያሉት አከራይ ደግሞ ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ዓይነት ሴት ናቸው። «ስምንት ተኩል ላይ ሙሽራዋ ጮኸች። ‹አንድም ቃል የኔ አይደለም!› ነው ያለችው። ለማን እንደሆነ አላየሁም። የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ሬዲዮኔን ከፍ አደረግሁት።»

«ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው አለ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባ ፎርም መጣ። አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ የሚከፍት ሲያጣ ፖስታ ከበሩ ሥር ሰድዶ ሄደ። በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ነበርኩ።»

አባ ፎርም የትዳር ጓደኛን ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ የሚያስፈልገውን ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ቢሮው ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆም ጠባብ ክፍል ሲሆን መደርደሪያው እስከ ጣሪያ በፋይል ተሞልቷል።

«እዚህ ትዳር የሚለካው በኪሎ ነው» አለ የሙሽራዋን ፋይል በሁለት እጁ አንሥቶ። «ሁለት ኪሎ ተኩል! ባል ቋሚ መኖሪያ ያለው ነው፣ ስፖንሰር ያደርጋታል። ግን ትዳሩ የውነት መሆኑን ማን ያምናል? ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ያስፈልጋል። በየቀኑ የተጻጻፉት ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከዘለሉ ‹የት ሄደው ነው?› ይባላል። መጨረሻ ላይ የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ አለ፤ ባልና ሚስትን ለየብቻ አስቀምጠው ነው የሚጠይቁት። ለዚያ ሰማንያ ጥያቄ ከነመልሱ አዘጋጅቻለሁ። የፊታችን ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነበር ቀጠሯቸው። ትናንት የወሰድኩት ደብዳቤ እሱ ነው።»

«ሙሽራዋ ስትተኛ ስልኳን የት ታስቀምጣለች?»

«ጠረጴዛ ላይ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት» አለ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ። ከዚያ ሳቀ። «መጀመሪያ የተጻፈው ‹ግራ ጫማዬ ውስጥ› ተብሎ ነበር። ኧረ ይስቁብናል ብዬ ባለፈው ሳምንት ሰረዝኩት። ባልየው ጋ ያለው ቅጂ ግን የድሮው ነው። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።»

«መልሶቹን የጻፈው ማን ነው?»

«ሙሽራዋ ናታ። እህቷ ናት ያመጣችልኝ።» ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ምነው?»

ባልየው ያረፈው መንገድ ዳር ባለ ፔንሲዮን ውስጥ ነበር። ሻንጣውን ገና አልፈታም፤ ለሚስቱ ያመጣው ካፖርት ከነላስቲኩ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። የኮቱ ኪስ ውስጥ ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ የተቀደደ ወረቀት ነበረው።

«ጠዋት ገባሁ፤ እቃዬን እዚህ ጥዬ ወደሷ ሄድኩ» አለ። «ስምንት ሰዓት ላይ ‹ትንሽ ልረፍ› ስትለኝ ወጣሁ።»

«መኝታ ቤት ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም። ሳሎን ነው የተቀመጥነው። ገና መተያየታችን ነው፣ ተፋፍረን ነበር።»

«ስለሷ ይንገሩኝ እስቲ። እንዴት ያለች ሰው ነበረች?»

ፊቱ በራ። «ሲጨንቃት ትቀልዳለች። በግድግዳው በኩል ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። ካልሲ ታደርጋለች፣ በበጋም። ስልኳን ግራ ጫማዋ ውስጥ ነው የምታስቀምጥ። ‹ቀኑ ሲበርድ ሊጡ ቶሎ ኩፍ አይልም፣ እኔም እንደዚያው ነኝ› ብላ ጽፋልኝ ነበር።» አለቀሰ።

እንባው የውነት ነበር። ወንፊትን የረበሻት ይሄ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ የውሸት እንባ ብዙ አይታለች፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት ተነሥታ መሄድ ቀላል ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሙሽራዋ ቤት ሰበሰበቻቸው። እህትየዋ ትንሿ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ተኝታባት አታውቅም። አባ ፎርም ፋይሉን ታቅፏል። አከራይዋ በሩ ሥር ቆሙ፣ ባልየው ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። በር ላይ አንድ ፖሊስ አለ።

«ባልና ሚስት በዚህ ሰዓት ይጠየቁ ነበር» አለች ወንፊት። «ሚስትየዋ መምጣት ስላልቻለች ስለሷ እኔ እመልሳለሁ። ሙሽራዋ የሞተችው አልጋዋ ላይ አይደለም። እዚህ ደፍ ላይ ወድቃ ነው። ሰውየው ደፉን አጠበ፣ ተሸክሞ አስተኛት። በእንቅልፏ የሞተች እንድትመስል ፈለገ። ታዲያ ሲያስተኛት ሦስት ነገር ተሳሳተ። በበሩ በኩል የምትተኛዋን በግድግዳው በኩል አስተኛት። እግሯን አውጥታ የምትተኛዋን ካልሲ አደረገላት፣ ያውም ተገልብጦ። ስልኳን ደግሞ ጫማ ውስጥ ከተተው።»

«እነዚህ የኔ ልማዶች ናቸው» አለች እህትየዋ በቀስታ።

«ያንቺ ናቸው። ለዚህም ነው መጀመሪያ አንቺን የጠረጠርኩሽ። ግን አንቺ እህትሽ እንዴት እንደምትተኛ ሃያ ስድስት ዓመት አይተሻል። አንቺ ብታስተኛት ኖሮ በቦታዋ ታስተኚያት ነበር። ይሄን የሠራው እሷን የማያውቅ፣ ያንቺን ልማድ የሷ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ያ ደግሞ አንድ ቦታ ነው የተጻፈው።»

አባ ፎርም ፋይሉን አጥብቆ ያዘው። «የኔ ጥያቄዎች?»

«የርስዎ ጥያቄዎች። ግን አይደንግጡ። በርስዎ ወረቀት ላይ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደግሞም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታውን ከበሩ ሥር ሲሰዱ እሜቴ አይተውዎታል። ፖስታው ያረፈው እርጥብ ወለል ላይ ነው፣ ጥጉ ርሷል። ገዳዩ ያን ሰዓት እዚሁ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያጥብ ነበር፤ ፖስታውን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው። ርስዎ ደጅ ነበሩ።» ወደ ባልየው ዞረች። «ጫማውን የያዘው የድሮው ቅጂ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው። አሥራ አንዱን ቀን በሆቴልና በዘመድ ቤት አሳልፋችኋል፣ ያውም ከሁለት ዓመት በፊት። ሚስትዎ እንዴት እንደምትተኛ የሚያውቁት ከኪስዎ ካለው ወረቀት ብቻ ነበር።»

የባልየው እጅ ኮቱ ኪስ ላይ ሄደና ተመለሰ።

«ገፋኋት» አለ። «መግፋት ብቻ ነው። ‹አልሄድም› አለችኝ። ‹ሐሙስ ገብቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ከጻፍኩልህ አንድም ቃል የኔ አይደለም› አለችኝ። ሁለት ዓመት! በፈረቃ እየሠራሁ፣ እረፍት ላይ ሽንት ቤት ተቆልፌ የማነበው እሱን ነው። በዚያ ላይ አጭበርብሯል ተብዬ የኔም የመኖሪያ ወረቀት ሊሰረዝ ነው። ‹ታዲያ የማን ነው?› ብዬ ጮህኩ። አፏን ስትከፍት ገፋኋት። ሳትነግረኝ…»

ማንም ወደ ማንም አላየም። ባልየው ግን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ የእህትየዋ እጅ ላይ፣ ጥፍሯ ሥር ባለው ሊጥ ላይ ቆመ።

«ሊጡ…» አለ። «ሚስቴ ዳቦ ቤት ሠርታ አታውቅም።»

እህትየዋ አለቀሰች። «ፋይሉ አንድ ቀን መዝለል የለበትም ተባለ። እሷ መጻፍ ይሰለቻታል፤ ‹አንቺ ጻፊልኝ› አለችኝ። በሷ አካውንት፣ በኔ ስልክ። ስለ እንቅልፏ ስትጠይቀኝ ሳላስበው የራሴን መለስኩልህ። ኋላ ጥያቄዎቹ ሲመጡ ከጻፍኩት ጋር እንዲገጥም ብዬ ያንኑ ደገምኩት።»

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ያ ሁሉ አንቺ ነሽ?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው በሩ ላይ ሆኖ አንዴ ዞረ፤ ካፖርቱን ማን ይወስደዋል የሚል ዓይነት ግራ የተጋባ አስተያየት ነበር። ከዚያ ወጣ።

ሌሎቹም ሲሄዱ ወንፊት ቀረች። ከቦርሳዋ የሙሽራዋን ስልክ አወጣች። «ከጫማው ያወጣነው ነው። ማስታወሻው ላይ የጻፈችው አለ፣ በሞተችበት ቀን ጠዋት። ላንቺ ነው።»

እህትየዋ አነበበችው።

«እህቴ፣ አንቺ ሥራ ሄደሻል፣ እሱ ደግሞ እየመጣ ነው። መጻፍ እንደሚሰለቸኝ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ አጭር ነው። ሁለት ዓመት ሲያወራ የኖረው ካንቺ ጋር ነው። ስልክሽ ሲጮህ ፊትሽን አየዋለሁ እኮ፣ ዕውር መሰልኩሽ? ዛሬ እነግረዋለሁ። የምጸድቅ እንዳይመስልሽ፣ እኔ መሄድም አልፈልግም። እንደ አዲስ መጀመር ከባድ ነው ይላሉ፣ ይሁን። ያንቺን ፎርም አብሬሽ እሞላለሁ። ጫማውን ግን አውጪው፣ ይስቁብሻል።»

ወንፊት አጠገቧ ተቀመጠች። ጉልበቷ ቢያማትም እህትየዋ አልቅሳ እስክትጨርስ አልተነሣችም።

ያን ዕለት ማታ እህትየዋ ወደ ትንሿ አልጋዋ አልሄደችም። ካልሲዋን አወለቀች። ስልኳን ጫማዋ ውስጥ ልትከተው ጎንበስ ብላ ተወችው፤ ኮመዲኖው ላይ፣ ከፀጉር ማስያዣው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ እህቷ ባጎደጎደችው ቦታ፣ በበሩ በኩል፣ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ተኛች።