የፒንደር ልጅና የተከፈተው በር

«ጮክ በይ ኔል፤ ከኋላ ያሉት አይሰሙሽም» አሉ ሚስ ሃርግሬቭ።

ኔል ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች። የክፍሉ ልጆች ስለ ቤተሰብ ስማቸው አጥንተው እንዲያነቡ ታዘው ነበር። የቶም ስሚዝ ጽሑፍ ገና ሳይጀመር ነው ያለቀው። ስሚዝ አንጥረኛ ነው፤ በየመንደሩ አንጥረኛ ነበር፤ አበቃ። የእሷ ግን ረዘም ይላል።

«ፒንደር ከጥንት እንግሊዝኛ የመጣ ስም ነው፤ የሚዘጋ፣ የሚያግት ማለት ነው» ብላ ቀጠለች። «ድሮ መንደሩ የሚሾመው ሰው ነበር። የባዘነ ከብት የሰው ማሳ ሲገባ ይዞ በድንጋይ በረት ይዘጋበታል። ባለቤቱ መጥቶ ጥፋቱን ሳያምንና ሳይክስ አይለቅም። ስሙ እዚህ ዮርክሻየር አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ባሃማስ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ እዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ፒንደር ነው ይባላል።»

«ታዲያ እዚያ ‹ፒንደር!› ብለሽ ብትጣሪ መንደሩ በሙሉ ሊወጣ ነዋ!» አለ ቶም። ክፍሉ ሳቀ። ኔልም ሳቀች።

ፊቢ ግን እጇን አወጣች።

«ሚስ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በር መዝጋት ከዘሯ ከሆነ፣ የአቶ ኢቬሰንን በር ምነው ክፍት ትታው ሄደች?»

አሁን ሳቁ ሌላ ሆነ። ሚስ ሃርግሬቭ «ፊቢ!» ብለው ተቆጡ፤ ግን ነገሩ ካፍ ወጥቷል። ኔል ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ። የሳቁት አይደሉም ያናደዷት። በሩን ክፍት የተወችው ማን እንደሆነች ፊቢ ታውቃለች። ራሷ ፊቢ ናት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ በበግ አርቢው በአቶ ኢቬሰን መስክ አቋርጠው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ኔል በሩን ቀድማ አለፈች፤ ፊቢ ስልኳን እያየች ከኋላ ተከተለች። ሲመለሱ በጎቹ መንገድ ላይ ተበትነው፣ አንዷ እናት በግ በመኪና ተገጭታ ዳር ላይ ተኝታ አገኙ። አቶ ኢቬሰን «መጨረሻ ያለፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ፊቢ እያለቀሰች «ኔል ናት» አለች። ኔል ከንዴቷ የተነሳ አንድ ቃል አልወጣትም። ሽማግሌው የምታለቅሰውን አዩ፤ ዝም ያለችውን አዩ፤ ከዚያ ፈረዱ።

«ከእንግዲህ ግቢዬ እንዳላይሽ» አሏት።

ሦስት ዓመት ሙሉ የበግ መውለጃ ሰሞን በደረሰ ቁጥር አብራቸው የሠራች ልጅ ናት። ዘንድሮ እናቷ የሞተችባትን ግልገል በጡጦ አሳድጋለች፤ በነሐሴው የእንስሳት ትርዒት ላይ ራሷ ይዛት ልትቀርብ ቃል ተገብቶላት ነበር። አሁን ግልገሏን የምታያት በመስኩ የድንጋይ ግንብ ላይ አሻግራ ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአውቶቡሱ ወርዳ በዚያው ግንብ ጥግ ትሄድ ነበር። ሊታጨድ የደረሰው የአቶ ኢቬሰን ሣር ውስጥ አንድ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቢስኩት ነው፣ የፊቢ ድንክ ፈረስ። ለክረምት ድርቆሽ የሚሆነውን ሣር ግማሹን እየበላ ግማሹን እየረገጠ ይዝናናል። ከመንገዱ ማዶ የእነፊቢ አጥር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አሁንም!» አለች ኔል ጮክ ብላ።

ግንቡን ዘላ ገባች። ቢስኩት ስለሚያውቃት አልሸሸም። የትምህርት ቤት ክራቫቷን ፈትታ አንገቱ ላይ አሰረችና ጎተተችው። ወደ እነፊቢ ግቢ መልሳ በሩን መዝጋት ትችል ነበር። መንገዱን ማቋረጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እሷ ግን ወደ መንደሩ መሃል ታጠፈች።

ጸሎት ቤቱ አጠገብ ድሮ ከብት ይታገትበት የነበረው አሮጌ የድንጋይ በረት አለ። ክብ ነው፤ ውስጡ ሣር ይበቅልበታል፤ አንዱን ወገን ደግሞ ሳማ ወሮታል። ፈረሱን አስገባችና መቀርቀሪያውን ወረወረች። አልበቃትም፤ በክራቫቷ ደግማ ቋጠረችው። ከዚያ ግንቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እስቲ ትምጣ! መንደሩ ሁሉ እያየ፣ እዚህ ቆማ ትለምነኝ!

መጀመሪያ የመጡት ግን አቶ ኢቬሰን ነበሩ። ባለ አራት ጎማ ሞተራቸውን አቆሙና ከኮፍያቸው ስር ተመለከቷት።

«የማን ነው?»

«የፊቢ። ሣርዎ ውስጥ ነበር።»

«እና አሰርሽው።»

«የስሜ ትርጉም እሱ አይደል!» አለች። የድምጿ ሻካራነት ራሷንም አስደነገጣት።

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። «አያቴ የመጨረሻውን ፒንደር ያውቁት ነበር። አንድም ወዳጅ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ ሲያልፍ ይተፋበት ነበር። እሱ ግን ያሰረውን ከብት ሳያጠጣ እራቱን አይቀምስም ነበር አሉ። ከብቱ በሩን አልከፈተማ።»

‹እኔም አልከፈትኩም› የሚለው ቃል ኔል አፍ ድረስ መጣ። እዚያው ቀረ። ሞተሩ ተነሳ፤ አቶ ኢቬሰን ዳገቱን ይዘው ሄዱ።

ኔል ግንቡን በተረከዟ መታችው፤ ደግማ መታችው። በማን ላይ ይበልጥ እንደተናደደች አላወቀችም። ቢስኩት አንገቱን አስግጎ አያት። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ወርዳ ከጸሎት ቤቱ ቧንቧ ስር የአበባ ማጠጫውን ባልዲ ሞልታ አመጣችለት። እየተጎነጨ ጠጣ።

ፊቢ እየሮጠች የደረሰችው ያኔ ነው።

«አብደሻል እንዴ? ፈረሴን ልቀቂ!»

«ሄደሽ ለአቶ ኢቬሰን እውነቱን ንገሪያቸው። ከዚያ እለቀዋለሁ።»

«አታካብጂ ባክሽ፤ ለአንድ በግ!»

«ለአንድ በግ? ዛሬ ክፍል ውስጥ ያልሽኝስ ለአንድ በግ ነው?»

ፊቢ ዙሪያውን አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ። በቃ? አሁን ክፈቺው።»

«ለእኔ አይደለም ያልኩሽ።»

«አልችልም!» ፊቢ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ይህ እንደ ቅዳሜው ለቅሶ አልነበረም። «አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አንዴ ብቻ በር ክፍት ከተውሽ ቢስኩት ይሸጣል አለኝ። ካወቀ ይሸጠዋል፣ ኔል። ማልቀሴንም አያይልኝም።»

ኔል ፈረሱን አየችው። ከአፉ ውሃ ይንጠባጠባል። እዚህ እስኪጨልም ልታቆየው ትችላለች። ነገም ልታቆየው ትችላለች። ፊቢ ግን እንደማትሄድ አሁን ገባት። እንደፈራች ትቀራለች። ኔል ራሷ ደግሞ እዚህ ግንብ ላይ፣ ሌላ ሰው እንዲናገርላት እየጠበቀች።

የክራቫቷን ቋጠሮ ፈታች።

«አመሰግናለሁ» አለች ፊቢ፣ እጇን ዘርግታ።

ኔል ክራቫቱን አልሰጠቻትም። መልሳ ፈረሱ አንገት ላይ አሰረችና ዳገቱን ያዘች።

«ወዴት ነው የምትወስጂው? ኔል! ቤታችን በዚህ ነው!»

የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱን ይቀጠቅጣል፤ ከኋላ የፊቢ ጫማ ድምፅ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ከአቶ ኢቬሰን ግቢ ሲደርሱ ኔል መቀርቀሪያውን ሳበች፣ ፈረሱን አስገባች፣ በሩንም ይዛ ቆመች።

«ትገቢያለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ልዘጋው ነው።»

ፊቢ መንገዱን ቁልቁል አየች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ኔልን ሳታይ፣ አልፋ ገባች። የኔል ንዴት አልበረደም። በሩን ገፋችው፣ መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ መያዙንም ነቅነቅ አድርጋ አየች።

ውሻው ጮኸ። አቶ ኢቬሰን ኮት ሳይደርቡ በሹራብ ከቤት ወጡ። መጀመሪያ ፈረሱን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ልጆች፣ በመጨረሻም የተዘጋውን በር ተመለከቱ።

«እንዳላይሽ አላልኩም?»

«ብለዋል» አለች ኔል። «ያን ዕለት ስጠየቅ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ልመልስ ነው የመጣሁት።»