ዋሲሁን ቱላ የሄደ ቀን

ዋሲሁን ከሐዋሳ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዳ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. መስከረም፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ታቢታ የምትባል፣ ሐዋሳ አጠገብ ባለችው ቱላ የምታስተምር መምህርት ከጀርባው ተቀመጠች። እስከ ዝዋይ በመስታወቱ እየሰረቀ ሲያያት፣ «መንገዱን ቢያዩ ይሻላል፤ ስልሳ ልጆች ይጠብቁኛል» አለችው። ተማሪዎቿን ማለቷ እንደሆነ የገባው ሻሸመኔ ሲደርሱ ነው።

በጥር ሽማግሌ ላከ። ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ።

የካቲት ላይ ግን ሽንት ቢያስቸግረው ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እጢው ወጣ። ሐኪሙ ቶሎ ስለተደረሰበት እግዚአብሔርን አመስግን አለው።

መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ቤቱ ሲመለስ ግን ማመስገን አልሆነለትም። በየማለዳው የአውቶቡሶቹን ጡሩምባ ሲሰማ ይነሳል፤ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ ይመላለሳል። ታቢታ ስትመጣ ተኝቷል ያስብላል፤ ስትደውል አያነሳም። በመጨረሻ እህቱን ሸዋዬን ጠርቶ፣ ሠርጉ ቀርቷል ብለሽ ንገሪያት አላት።

በማግስቱ ታቢታ ማንንም ሳታስፈቅድ ገባች።

«ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ታዲያ ምን አደረግሁህ?»

ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ሽንቱ እንደሚያመልጠው፣ እንደ ሕፃን ጨርቅ እንደሚታጠቅ ነገራት። ቀጥሎም የሚከብደውን ተናገረ፤ ወንድነቱ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አያውቅም።

«አንቺ ገና አርባ ሁለት ዓመትሽ ነው» አለ። «አስታማሚ አይደለም የፈለግሁት።»

«እኔን ሳትጠይቅ ስለ እኔ ወሰንክ» አለችና ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሐኪሙ ያዘዘለትን፣ ሽንት ለመቆጣጠር የሚረዳ የጡንቻ ልምምድ ይጀምርና ሳይጨርስ ይነሳል። በአራተኛው ቀን ኮቱን ለብሶ የቱላ ሚኒባስ ተሳፈረ። ምን እንደሚላት አላወቀም።

ቱላ ሊደርሱ ሲሉ ጎማው ጉድጓድ ገባ። ሙቀት በጭኑ ወረደ። የታጠቀው ጨርቅ አልበቃም ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ኮቱን አውልቆ ከፊቱ እንደያዘ ታቢታ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ራቅ ብሎ ቆመ። ልመለስ ብሎ ሲዞር፣ ታቢታ ደብተር ታቅፋ ስትወጣ አየችው።

ፊቱን አየች፤ ቀጥሎ ሱሪውን። ኮቱ ያልሸፈነውን እርጥብ ልትከልልለት ከኋላው ተጠግታ ቆመችና በቀስታ፣ «ቀጥል» አለችው። ሽንኩርት ሻጮቹን፣ የሚያውቋትን የተማሪ ወላጆች እያለፉ፣ እሱ ከፊት እሷ ልክ እንደ ጥላው ከኋላ ሆነው ገበያውን አቋረጡ።

«ታቢታ፣ ሰው እያየን ነው» አለ።

«ባልና ሚስት ተጠጋግተው ሲሄዱ አይተው አያውቁም?»

እግሩ ቀጥ አለ። ጀርባውን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

«አትቁም። ቤቴ እዚያ ነው፤ ውሃ አሞቅልሃለሁ።»

ግንቦት ላይ ተጋቡ። ሽንቱ ክረምቱን ሙሉ አስቸገረው፤ ወንድነቱ ደግሞ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ይህ ሲከነክነው እግሩ ቤት አያርፍም። ያኔ ታቢታ ጫማዋን አጥልቃ አብራው ትወጣለች፤ ሐሳቡ እስኪለቀው ድረስ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ።